ደጀን ያለው ጋራዥ በስሙ ካልተፈለገ ጉግል ካርታ ላይ አይወጣም፤ ከየት እንጀምር?

ዘደጀን፦
ጤና ይስጥልኝ። ደጀን ከተማ፣ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ጋራዥ አለን። ሥራችን ፍሬን ሸራ መቀየር፣ ጎሚስታና ራዲያተር ነው። አብዛኛው ደንበኛ በረሃውን ወርዶ ሲወጣ ፍሬኑ የጋለበት ወይም ውኃ ያፈላበት መኪና ነው። የጉግል ገጻችን ተከፍቶ ማረጋገጫውን አልፏል። የጋራዡን ስም ጽፎ የፈለገ ያገኘናል። «ጋራዥ ደጀን» ወይም «ጎሚስታ» ብሎ የፈለገ ሹፌር ግን ደብረ ማርቆስ ያሉት ነው የሚወጡለት።

አሁን ያለው እንዲህ ነው፦ የሥራ ዘርፍ «የመኪና መለዋወጫ መደብር»፣ ሰዓት ከ12:00 እስከ 2:00፣ የካርታው ምልክት ከጋራዡ ርቆ ከተማው መሃል ያረፈ፣ ፌስቡክ ላይ ያለው ስልክ ደግሞ የድሮው። ስሙ ላይ «ምርጥ ፍሬንና ጎማ ደጀን» የሚል ብንጨምርበትስ ይረዳል?

ካርታ አራሚ፦
ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አርሙ፤ ዛሬውኑ። ጉግል የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እናንተ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 2 ለማለት 12:00 እስከ 2:00 ስትሞሉ፣ እሱ የያዘው ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ክፍት ናችሁ ብሎ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የሚፈልግ ሹፌር «ዝግ ነው» የሚል ያነብና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጉግልም በፍለጋው ሰዓት ክፍት ለሆነው ያደላል። ትክክሉ 6:00 እስከ 20:00 ነው። ስልካችሁ በ12 ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ 6:00 የጠዋት፣ 8:00 የማታ ብላችሁ ምረጡ።

ለበዓላት «ልዩ ሰዓት» የሚል ለብቻው መሙያ አለ፤ እሱም በፈረንጅ ቀን ነው የሚሞላው። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን 12 ይሆናል፤ የሚቀጥለው እንዲህ ያለው 2020 ዓ.ም. የሚገባበት ነው። መስቀልና ጥምቀትም በዚያው ዓመት አንድ ቀን ይገፋሉ። ገና ግን ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል።

ቀጥሎ ዘርፉ። በስማችሁ ወጥታችሁ በሥራችሁ የማትወጡበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። መለዋወጫ መደብር ማለት ዕቃ ሻጭ ነው፤ ፍሬን የሚያሠራ ሰው ዕቃ ሻጭ አይፈልግም። አንድ ዋና ዘርፍና እስከ 9 ተጨማሪ ይፈቀዳል። ዋናውን «የመኪና ጥገና» አድርጉት፣ በዝርዝሩ «አውቶ ሪፔር ሾፕ» የሚባለውን። ተጨማሪ ላይ የጎማውን፣ የፍሬኑንና የራዲያተሩን ጨምሩ፤ ከባድ መኪና የምትሠሩ ከሆነ «ትራክ ሪፔር ሾፕ»ንም። ዘጠኙንም ለመሙላት ብላችሁ የማትሠሩትን አታስገቡ፤ ዋናው ይደበዝዛል። መለዋወጫውን እዚያው የምትሸጡ ከሆነ በተጨማሪነት ይቆይ፣ ካልሆነ አውጡት።

ከዘርፉ በታች «አገልግሎቶች» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ሹፌር በሚጠራው ስም ዘርዝሩ፦ ፍሬን ሸራ መቀየር፣ ፍሬን ማስተካከል፣ ጎማ መለጠፍ፣ ካላማዳሪ፣ ራዲያተር መበየድ። አማርኛውን በፊደል፣ እንግሊዝኛውን ለብቻው በሌላ መስመር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው በላቲን ፊደል ነውና ሁለቱም ይግቡ።

ሉማሜ፦
ስሙ ላይ መጨመሩ ይሠራል ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ ግማሹ ጋራዥ እንደዚያ አድርጎ ነው ላይ የሚወጣው። «የእገሌ ጋራዥ ፍሬን ጎማ ደጀን» ብሎ መሞከር ምን ይጎዳል?

ካርታ አራሚ፦
ሉማሜ፣ ይጎዳል። የጉግል ደንብ ስሙ በታፔላና በንግድ ፈቃድ ላይ ያለው እንዲሆን ነው። ከዚያ ውጭ ቃል ሲታከል ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ ልክ ነህ። ግን ማንም ተፎካካሪ «ለውጥ ጠቁም» የሚለውን ተጭኖ ሊያስወግደው ይችላል፤ ሲብስ ገጹ ይታገዳል። ገጽ ሲታገድ ደግሞ ይግባኝ ብሎ የንግድ ፈቃድና የታፔላ ፎቶ ማቅረብ ይጠይቃል፤ እስኪመለስ ድረስ በስሙም አይገኝም። ለደጀን ያለ ጋራዥ፣ ያውም መንገደኛ ላይ ለሚኖር፣ ያ ኪሣራ አያዋጣም። ታፔላው ላይ በእርግጥ «ጋራዥና ጎሚስታ» ተብሎ ከተጻፈ ግን እሱው ስማችሁ ነው፣ እንዳለ አስገቡት። አዲስ ታፔላ ልታሠሩ ከሆነ ይህን አስባችሁ አሠሩ።

ሞጣ ኮምፒውተር፦
የካርታውን ምልክት ላስረዳ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እሱ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ስለማይሠራበት፣ «ደጀን፣ ቀበሌ 01» ተብሎ ሲሞላ ጉግል ምልክቱን ከተማው መሃል ይተክለዋል። ሹፌሩ አቅጣጫ ብሎ ሲከተል ገበያ መሃል ይገባል፤ በከባድ መኪና ገበያ መግባት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጋራዡ በር ላይ ቆማችሁ፣ ጂፒኤስ በርቶ፣ ካርታውን በሳተላይት እይታ ክፈቱና ጣሪያችሁን እስክታዩት አጉሉት። ከዚያ በገጹ ማስተካከያ «አድራሻ» ውስጥ ገብታችሁ ምልክቱን በጣት እየጎተታችሁ መኪና የሚገባበት በር ላይ አሳርፉት። የጓሮው አጥር ላይ ካረፈ ካርታው ከጀርባ ባለው መንገድ አዙሮ ሊያመጣ ይችላል።

ቁጥሩን በእጅ ለምትጽፉ፦ የደጀን አካባቢ ኬክሮስ በ10፣ ኬንትሮስ በ38 ይጀምራል፤ የሚቀድመው 10 ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ምልክቱ ከቱኒዚያ በስተ ሰሜን ባሕር ላይ ይወድቃል። ምልክቱን ተጭናችሁ ስትይዙ የሚወጣውን፣ መሃሉ ላይ የመደመር ምልክት ያለበትን አጭር ኮድም ቅዱና ለደንበኛ በቴሌግራም ላኩት፤ የመንገድ ስም ለሌለው ቦታ የተሠራ ነው፣ ካርታው ላይ ሲለጠፍ በቀጥታ ያደርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ምልክቱ ከነበረበት ራቅ ብሎ ሲዛወር ወይም ስም ሲቀየር ጉግል ዳግመኛ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። አሁን በብዛት የሚጠይቀው ቪዲዮ ነው። ሳይቆራረጥ፣ እዚያው በስልኩ የሚቀረጽ፤ ከጋለሪ ማምጣት አይቻልም። ከ30 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ከመንገዱ ጀምሩ፣ ጎረቤት ሕንፃዎችና ታፔላችሁ ይታዩ፣ ከዚያ በሩን በቁልፍ ከፍታችሁ ግቡ፣ መሣሪያውንና የጎማ ማሽኑን አሳዩ፣ መጨረሻ ላይ የንግድ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ይታይ። የሰው ፊት፣ መታወቂያና የባንክ ቁጥር አይግባ። መልሱ እስከ 5 የሥራ ቀን ይወስዳል። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ሰዓት አትጀምሩት፤ ቀረጻው አልቆ መጫኑ መሃል ላይ ከቆመ ከመጀመሪያው መቅረጽ ነው።

ዘደጀን፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰዓቱንና ዘርፉን አስተካክለናል። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በእኛ ስም ሌላ ገጽ ካርታው ላይ አለ፤ ማን እንደከፈተው አናውቅም፣ ስልኩም የእኛ አይደለም። ሁለተኛ፣ በረሃው ውስጥ ለቆመ መኪና ወርደን እንሠራለን፤ ይሄ የት ይሞላል?

ካርታ አራሚ፦
የመጀመሪያው ቶሎ መዘጋት ያለበት ነው፤ ሁለት ገጽ ሲኖር አስተያየቱም ኮከቡም ለሁለት ይከፈላል። ያንን ገጽ ክፈቱና «የዚህ ንግድ ባለቤት ነዎት?» የሚለው መጠየቂያ ካለ ባለቤት የለውም ማለት ነው፤ «ለውጥ ጠቁም» ገብታችሁ የተደገመ መሆኑን አመልክቱ። ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ «መዳረሻ ጠይቅ» በሉት፤ ያ ሰው መልስ ለመስጠት 3 ቀን አለው። ዝም ካለ ራሳችሁ አረጋግጣችሁ የምትረከቡበት መንገድ ሊከፈትላችሁ ይችላል። የእናንተን ገጽ ግን በችኮላ አታጥፉ፤ የተጻፈው አስተያየት ያለው የትኛው ላይ እንደሆነ መጀመሪያ እዩ።

ለሁለተኛው «የአገልግሎት አካባቢ» የሚባል አለ። አድራሻውን ሳትደብቁ እስከ 20 ቦታ ማስገባት ይቻላል፤ ጎሃ ጽዮን፣ የትኖራ፣ ሉማሜ፣ ቢቸና እያላችሁ። ከጋራዡ በመኪና ወደ 2 ሰዓት ከሚያስኬድ ርቀት አይለፍ። ይህን መሙላት ግን ጎሃ ጽዮን ላይ ለሚፈልግ ሰው ከፍ አያደርጋችሁም። ጉግል ደረጃ የሚሰጠው ከተፈለገው ጋር በመዛመድ፣ በርቀትና በታዋቂነት ነው፤ ርቀቱ የሚለካው ከምልክታችሁ ነው። በእጃችሁ ያሉት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው።

ለታዋቂነቱ አስተያየት ለምኑ፤ ገጹ ላይ «አስተያየት ጠይቅ» የሚለው ሊንክና ኪውአር ይሰጣችኋል፣ አትማችሁ ሒሳብ የሚከፈልበት ጋ ለጥፉት። ቅናሽ እሰጣለሁ ብሎ ማስጻፍ ክልክል ነው። ሠራተኞቻችሁ ስለ ራሳችሁ ጋራዥ መጻፋቸውም ክልክል ነው፤ ሊሰረዝ ይችላል። ሹፌሩን «የተሠራልህን ጻፍልን» በሉት፤ «የሲኖትራክ ፍሬን ሸራ ቀየሩልኝ» የሚል አንድ መስመር «ጎበዞች ናቸው» ከሚሉ ብዙዎች ይበልጣል፣ ፍሬን ብሎ ለሚፈልግ ሰው ያው ቃል ከገጹ ጋር ሊታይ ይችላልና። ለእያንዳንዱ መልስ ስጡ፣ ለተቆጣው በተለይ።

ሞጣ ኮምፒውተር፦
ሌሎቹ ማውጫዎች አይዘንጉ። ስልኩ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን፤ +251 ብላችሁ መነሻውን 0 ጥላችሁ፣ ቀሪውን 9 አኃዝ። ፌስቡክ ላይ ያለውን የድሮ ስልክ ቀድማችሁ አውጡ፣ ቱመርካቶ ላይ ተመዝግባችሁ ከሆነ እዚያም። ቢንግ የሚባለው የማይክሮሶፍት መፈለጊያ የጉግሉን ገጽ እንዳለ ስለሚያስመጣ አዲስ መሙላት የለም፤ አፕልም ለአይፎን ካርታ በነፃ ይመዘግባል።

ለእናንተ ቦታ ግን ከሁሉም የምመክረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው፤ ማንም ሰው ቦታ ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል ነፃ ካርታ ነው። በረሃው ውስጥ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ ኦርጋኒክ ማፕስን የመሰለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ የሚያሳየው የእሱን መረጃ ነው። ከመተግበሪያው ውስጥ ሆናችሁ «ቦታ ጨምር» ብላችሁ የመኪና ጥገና፣ ስልክና ሰዓት ሙሉ። ከጉግል ካርታ መቅዳት አይፈቀድም፣ ራሳችሁ ቆማችሁ የለካችሁትን አስገቡ። ተጠቃሚው ስልክ ላይ የሚታየው ግን ካርታውን ሲያድስ ነው።

ለውጡን ስትፈትሹ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጣችሁ አትፈልጉ፤ እዚያ ርቀቱ ስለሚያግዛችሁ ከፍ ብላችሁ ልትታዩ ትችላላችሁ። ጎሃ ጽዮንና ሉማሜ ያለ ሰው «ጎሚስታ» እና «ፍሬን» ብሎ በራሱ ስልክ ፈልጎ የወጣለትን በፎቶ ይላክላችሁ። ገጹ ላይ «አፈጻጸም» የሚለው ደግሞ በምን ቃል እንደተገኛችሁና ስንት ሰው ደውሎ፣ ስንት አቅጣጫ እንደጠየቀ ያሳያል፤ ዘርፉን ከቀየራችሁ ጥቂት ሳምንት ቆይታችሁ እሱን እዩት።