ሰሜን ተራሮች ላይ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ነጣብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የካቲት ላይ ሰሜን ተራሮች ሄጄ ነበር። ሳንካበር ካምፕ ቆሜ በዓይኔ ያየሁት ገደል ሌላ፣ ካሜራዬ የያዘልኝ ሌላ። ከሩቅ ያሉት ተራሮች ነጥተው ጠፉብኝ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ሙሉ የነበረው ባትሪ ድንገት አለቀ። ከመስቀል በኋላ ልመለስ ነው። ለጉዞው ብዙ አጠራቅሜያለሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ የካሜራሽ አይደለም። በጋው ሲገፋ አየሩ አቧራና ጭስ ይይዛል። ጥቅምት ላይ ግን ዝናቡ አጥቦት ስለሚሄድ ቆላው ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ሳሩም ገና አረንጓዴ ነው። ጂንባር ፏፏቴም ያኔ ውሃ አለው፤ ከ500 ሜትር በላይ ነው የሚወረወረው።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ። ትልቁ ገደል ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በዚያ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ እኩለ ቀን ላይ ገደሉ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ቦታሽን ያዢ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ሸንተረሩ አንዱ ካንዱ ተለይቶ ይወጣል። ከፊት ለፊት አንድ ጅብራ (ረጅሙን የደጋ ተክል) አስገቢ፣ ርቀቱ ይታወቃል። እኔ ከሁሉም እሜት ጎጎ የሚባለውን ጫፍ እመርጣለሁ። ከፍታው 3,926 ሜትር ነው፣ በሦስት ወገን ገደል። ለንጋቱ ግን ግጭ ካምፕ ማደር አለብሽ።

ሌላ መልስ፦
ባትሪሽን የጨረሰው ብርዱ ነው። ሌሊት ውርጭ አለ። ባትሪዎቹን ስሊፒንግ ባግሽ ውስጥ ይዘሽ ተኚ። አለቀ ያልሽውንም ብብትሽ ስር አሙቂው፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይሠራል።

ሌላ መልስ፦
ከመነሳትሽ በፊት ስለ መንገዱ ደባርቅ ያለ ሰው ጠይቂ። እዚያ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትመዘገቢያለሽ፣ ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርኩ አጃቢ) የግድ ነው። በስንት ሰዓት እንደምትነሱ ማታውኑ ተነጋገሩ። ስካውቶቹ ተራራውን ያውቁታል። እኔ ጉም ሲሸፍነን ልመለስ ስል፣ «ትንሽ ቆይ ልጄ፣ ይገለጣል» ያሉኝ አባት ናቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ዛሬ ሳሎኔ የተሰቀለው ፎቶ ያኔ የተነሳው ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ከሳንካበር ግጭ በእግር ስንት ሰዓት ነው?

መልስ፦
እያነሳሽ ከሄድሽ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያዢ። ጂንባርን በመንገድሽ ታገኚዋለሽ።