በብሎክ 22 ግድግዳ ላይ «ባዶ» ይሳልልን?

መምህርት፣ ብሎክ 22፦ እሑድ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እዚህ እንከራከርበት። ለቱሉ ዲምቱ አዲስ ለሆናችሁ ነዋሪዎች፣ ጉዳዩ ይህ ነው። ከእኛ ሕንፃ የተከራየው ወጣት ሠዓሊ፣ ከባዶው ሜዳ ፊት ለፊት ያለውን፣ መስኮት የሌለውን የሕንፃውን ጎን ያለ ክፍያ ልሳልላችሁ ብሏል። የቀለሙንና የመወጣጫውን ወጪ ግን እኛ እንሸፍናለን፤ በቤት 200 ብር ይደርሳል። ብዙዎችን ያስቆጣው ንድፉ ነው። ግድግዳው በሙሉ ነጭ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ አንድ ግራጫ አራት ማዕዘን፤ ሌላ ምንም የለም።

እኔ እደግፋለሁ። ቅዳሜ ንድፉን በአቡጀዲ ሠርቶ ከጣሪያ ሲያወርደው ቆሜ ነበር። ቀን ላይ ምንም አልመሰለኝም። ወደ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ከሕንፃው ጀርባ ስትገባ፣ ግራጫው ከሰማዩ ጋር አንድ ሆነና ግድግዳው የተከፈተ መሰለ። ኳስ ይዛ አጠገቤ የቆመች ሕፃን «ግድግዳውን ማን በሳው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን እያወቅሁ ወዲያው መመለስ አቃተኝ።

አባወራ፣ ብሎክ 9፦ መምህርት፣ አከብርዎታለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ዕጣ ወጥቶልኝ ቁልፍ ስረከብ ያገኘሁት ሊሾ ያልነካው ወለልና ያልተለሰነ ግድግዳ ነው። ያንን ባዶ ለመሙላት አራት ዓመት ዕቁብ ጥያለሁ፤ አንድ ዓመት በር፣ በሚቀጥለው ሴራሚክ። አሁን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ሌላ ባዶ በገንዘቤ ልግዛ? ይሳል ከተባለ ልጆቻችን የሚያውቁት ነገር ይሳል። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። ፊቱ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ማንም ሳያስረዳኝ ገብቶኛል።

ሠዓሊው፦ ጋሼ፣ እኔም ያንን ሥዕል እወደዋለሁ። ነገር ግን ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ተምረው ሲመለሱ ሥዕላቸው የባዕድ ነው ተብሎ የተተቸው በዚህችው ከተማ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኙ፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ነጭ በነጭ ላይ መሳልም የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ሩሲያዊው ሠዓሊ ማሌቪች በ1918 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል። እኔ የምፈልገው ከሥራ ደክሞ የሚመለስ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። ከአደባባዩ እስከዚህ ድረስ ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ግድግዳ አለ?

የቅኔ ተማሪ፣ ብሎክ 3፦ ያጣላን ቃሉ ይመስለኛል። አማርኛችን ባዶን ሁሉ በአንድ ስም አይጠራውም። ሰው ጥሎት የሄደ ቤት ኦና ነው፤ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ገላጣ ነው፤ ብርሃንና ሰው የሚያልፍበት ደግሞ ክፍት ነው። ሰምና ወርቅ የምንለውን ከአንጥረኛ ቤት አስቡት። ሰሙ ቅርጽ ይዞ በጭቃ ይለበጣል፤ በእሳት ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁ የሚፈስሰው ሰሙ ለቅቆ በሄደው ክፍት ቦታ ነው። ላሊበላ ያለው ቤተ ጊዮርጊስም ድንጋይ ተክቦ አልተሠራም። ከወጥ ቋጥኝ ዙሪያው ተፈልፍሎ፣ ውስጡ ተጠርቦ ወጥቶ ነው ቤት የሆነው። እዚያ የምንቆመው ድንጋዩ በወጣበት ቦታ ላይ ነው።

አባወራ፣ ብሎክ 9፦ ወንድሜ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ውስጥ ሰው ይገባበታል። በዚህ ግራጫ ሳጥን ማን ይገባል? የተቀባ ቀለም ነው፤ ዓይን ማታለል ነው።

የዓይን ክሊኒክ ባለሙያ፣ ብሎክ 17፦ ዓይንማ ሁልጊዜም ያታልለናል። ወረቀት ላይ በግራ የመደመር ምልክት፣ በቀኝ ጥቁር ነጥብ አድርጉ፤ በመካከላቸው 8 ሳንቲሜትር ይሁን። ግራ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኙ ምልክቱን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ አቅርቡት። 30 ሳንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ነጥቡ ይጠፋል። የዕይታ ነርቭ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ ስለሌለ ነው። ነጥቡ በጠፋበት ስፍራ ግን ቀዳዳ አይታያችሁም፤ አእምሮ በወረቀቱ ነጭ ይሞላዋል። ባዶ ነው ብለን የምናየው ነገር ብዙ ጊዜ እኛው የሞላነው ነው። እኔ እስካሁን አልወሰንኩም።

እናት፣ ብሎክ 14፦ ሥዕሉ ይሳል አይሳል ብዙ አያሳስበኝም። የማልወደው ከፊቱ ያለውን ሜዳ ባዶ ማለታችሁን ነው። የባለቤቴ ለቅሶ ድንኳን የተተከለው እዚያ ነው። በርበሬ የምናሰጣው፣ ደመራ የምንደምረው እዚያ ነው። ባዶ ነው ሲባል የሰማ ሰው ነገ ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ ያጥረዋል።

የጥበቃ ሠራተኛ፣ በር 1፦ እኔ ቤት ስለሌለኝ ድምፅም የለኝም፤ የብሎክ 14 እናት ስለ ሜዳው ስለጻፉ ግን ልናገር። ያ ሜዳ የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር። ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ከጫማ አይለቅም። ብሎክ 22 የቆመበት ላይ ሽምብራ እንዘራ ነበር። ቀያሾች መጥተው በመኪናቸው አፍንጫ ላይ ካርታ ሲዘረጉ ልጅ ሆኜ ተጠግቼ አየሁት። መንገዱ መስመር ነበረው፤ ወንዙም መስመር ነበረው። የእኛ ቦታ ነጭ ነበር። ቅዳሜ አቡጀዲው ሲወርድ ያ ካርታ መጣብኝ። አይሳል አልልም። ልጆች ሲጠይቁ ግን እዚህ ምንም አልነበረም አይባሉ።

መምህርት፣ ብሎክ 22፦ ይህን ካነበብኩ በኋላ የቅዳሜው መደነቄ ጎደሎ እንደነበረ ገባኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ሜዳ ላይ እየረገጥኩ አልፌአለሁ፤ ማሳ እንደነበረ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ድጋፌን አልለወጥኩም፤ እንዲያውም ጠንክሯል። አንበሳ ቢሳል ኖሮ ስለ አንበሳው አውርተን እንለያይ ነበር። የበር 1 ጋሼ፣ እሑድ ስብሰባው ላይ ይምጡልን፤ ለልጆቹ እርስዎ ይንገሯቸው።

አባወራ፣ ብሎክ 9፦ የጥበቃውን ጋሼ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 200 ብሩን አሁንም እቃወማለሁ፤ ውሃው ይቅደም። ሠዓሊው ግን አንድ ነገር ይመልስልኝ። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር ጭቃ ነጩ ላይ ሲረጭ ማን ያድሰዋል?

ሠዓሊው፦ ዛሬ ጠዋት ሜትር ይዤ የአምናውን ጭቃ ምልክት ለካሁት፤ እስከ ደረቴ ይደርሳል። የጥበቃው ጋሼ ከፈቀዱልኝ፣ እስከዚያ ድረስ ያለውን ግድግዳ ቀለም ሳልቀባ አፈሩ እንዲረጭበት እተወዋለሁ። ነጩ ከዚያ በላይ ይጀምራል። አዲሱን ንድፍ እሑድ ይዤ እመጣለሁ።