የቴክ ኩባንያዎችና የምርጫ እጩዎች፦ ለጠቅላላ ጉባኤው ምን እናቅርብ? (የዕቅድ ውይይት)

የማኅበሩ ጸሐፊ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ላይ የጀመርነው ጉዳይ ሳይቀዘቅዝ እዚህ እንጨርሰው። ጥያቄው አጭር ነው። ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለምርጫ እጩ በአደባባይ ድጋፍ መስጠት አለባቸው ወይ? የጋራ ሐሳባችንን ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። ከጸደቀ ከኖቬምበር 3 ቀን 2026ቱ የኮንግረስ ምርጫ በፊት ለኩባንያዎቹና ለየአካባቢያችን ተወካዮች ይላካል።

መነሻ ረቂቁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ማንኛውም ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለምርጫ እጩ በአደባባይ ድጋፍ እንዳይሰጥ በሕግ ይከልከል።» ቁረጡት፣ ጨምሩበት፣ ካላመናችሁበት ጣሉት።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እኛ ራሳችን ከግብር ነጻ የሆንን የበጎ አድራጎት ማኅበር ነን። ከ1954 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ የግብር ሕግ፣ እንደኛ ያለ ማኅበር እጩን መደገፍም መቃወምም አይችልም። በጉዳይ ላይ ግን መናገር ይችላል። ስለዚህ «እገሌ ይመረጥ፣ እገሌ ይውደቅ» የሚል ቃል እዚህ አይግባ።

የሕግ ባለሙያ አባል

ረቂቁ እንዳለ ከወጣ አንድ እርምጃ አይሄድም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2010 «ሲቲዝንስ ዩናይትድ» በሚባለው ክስ፣ ኩባንያዎች በራሳቸው ገንዘብ ስለ እጩ የመናገር መብት አላቸው ብሎ ወስኗል። «ይከልከል» የምንለውን ኮንግረስ ቢቀበለን እንኳ ፍርድ ቤት ይጥለዋል።

ኩባንያ ከካዝናው አውጥቶ ለፌዴራል እጩ በቀጥታ ገንዘብ መስጠት ግን ከ1907 ጀምሮ ክልክል ነው። ይኼ አልተነካም። መናገርና በራስ ስም ማስታወቂያ መግዛት ነው የተፈቀደው። ስለዚህ «በሕግ ይከልከል» ይውጣ፤ «ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው በጽሑፍ ቃል ይግቡ» ይግባ።

የሶፍትዌር ባለሙያ አባል

የሕጉን ነገር ተቀብያለሁ። ግን ሐሳቡ ራሱ እንዲላላ አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ2024 ምርጫ ሰሞን አንድ አለቃችን ስብሰባ ላይ ማንን እንደሚመርጥ ተናገረ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራላችሁም። ከዚያ አለቃው ሁላችንንም ቃኘን። እኛም ዝም አልን። ያኔ ቪዛዬ በዚያው ቤት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከሥራ ብሰናበት ሌላ ቀጣሪ የምፈልግበት ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ነው። መምረጥ አልችልም፤ ለእጩ ገንዘብ ማዋጣትም ሕጉ አይፈቅድልኝም። አለቃዬ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ድምፄን የሚጠይቅ ይመስል ነበር። ያ አንድ ሰው ነው። ኩባንያው በሙሉ ስሙና በዓርማው «እገሌን እንደግፋለን» ቢል ኖሮ እኔ የት እገባ ነበር?

ኩባንያ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያላቸው ሠራተኞቹ ናቸው። ሠራተኞቹ ደግሞ አንድ ልብ አይደሉም።

ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ አባል

ልጄ፣ ያልሽው ልቤን ነካው። ቢሆንም ሌላውንም ጎን እንየው።

ጋዜጦች እጩ ሲደግፉ ኖረዋል። ዋሽንግተን ፖስት ከ1976 ጀምሮ፣ ከ1988ቱ በስተቀር፣ በየፕሬዚዳንታዊ ምርጫው ድጋፉን ሲገልጽ ነበር። በኦክቶበር 25 ቀን 2024፣ ምርጫው ሊደረግ 11 ቀን ሲቀረው፣ ከእንግዲህ ለፕሬዚዳንት እጩ ድጋፍ አንሰጥም አለ። የጋዜጣው ባለቤት ጄፍ ቤዞስ ነው፤ አማዞንን የመሠረተው። በጥቂት ቀናት ውስጥ 250,000 ያህል አንባቢ ደንበኝነቱን ሰረዘ። አያችሁ፣ ዝም ማለቱም ወገን እንደ መያዝ ተቆጠረ። ለዓመታት የተናገረ ሰው በዋናው ቀን ዝም ሲል፣ ሰው «ማንን ፈርቶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

እና በግልጽ የሚናገረውን ዝም አስብለን፣ ውስጥ ለውስጥ የሚሠራውን እንዳንተወው እፈራለሁ። በአደባባይ የተናገረውን ቢያንስ አውቀዋለሁ። ሲያትልን አስታውሱ። በ2019 አማዞን ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ገንዘቡ በይፋ የታወቀ ስለነበር ነዋሪው ተቆጣ፤ ገንዘቡ የደገፋቸው አብዛኞቹ እጩዎችም ተሸነፉ። ሕዝቡ አይቶ ፈረደ። ያላየውን ግን ምን ብሎ ይፈርዳል?

ሹፌር አባል

ጋሼ እውነት ብለዋል፤ እኔ ግን በሌላ በኩል ልምጣ።

በ2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሮፖዚሽን 22 የሚባል ሕዝበ ውሳኔ ነበር። የአፕ ሹፌር ሠራተኛ ነው ወይስ የራሱ ተቋራጭ? ጉዳዩ ይኼ ነበር። ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽና ሌሎቹ «ተቋራጭ ነው» እንዲባል ተባብረው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። ገንዘቡን ተዉት። ኡበር መልእክቱን ለሹፌሮች በራሱ አፕ ላይ ላከ። ሹፌሮች «ጫና ነው» ብለው ከሰሱ፤ ዳኛው ግን አላገደውም። ሐሳቡም በ58 ከመቶ ገደማ አለፈ።

እሱ ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ እጩ አይደለም። ነገ ግን እጩ ቢሆንስ? ያ አፕ የእንጀራዬ በር ነው። ሥራ ለመጀመር እከፍተዋለሁ። ከመክፈቴ በፊት «ይሄን ሰው ምረጥ» ቢለኝ እንደ ጋዜጣ ገልጬ ማለፍ አልችልም።

ሰፈራችን የነበረውን የዕድር ጡሩምባ ነፊ አስቡት። ሰው ነው፤ የሚወደው እጩ ይኖረዋል። ቡና ላይ ቢናገር ማንም አይከለክለውም። በሌሊት ጡሩምባውን ነፍቶ፣ ሰው ለቅሶ መስሎት ደንግጦ ሲወጣ «እገሌን ምረጡ» ቢል ግን ዕድሩ ያባርረዋል። ጡሩምባው የሱ አይደለማ።

የሶፍትዌር ባለሙያ አባል

ይኼ ምሳሌ ነገሩን አጠራው። ግን አንድ ቅር የሚለኝ አለ። ጡሩምባውን የገዛው ዕድሩ ነው። አፑን የሠራው ኩባንያው ነው፤ ባለቤቱም እሱ ነው። «ጡሩምባው የኛ ነው» ብንል በአንድ ቃል ይመልሱናል።

የኛ የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ጆሯችን። ሰው ጡሩምባ ሲሰማ የሚወጣው ዕድሩን ስላመነ ነው። እኔም ካርታ የምከፍተው መንገድ እንዲያሳየኝ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ፊድ የማየው የዘመዶቼን ወሬ ፈልጌ ነው። ለዚያ የሰጠሁትን እምነት ለሌላ ነገር ማዋል ነው ነውሩ።

የመሣሪያውን ጉልበት ለማያውቅ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በኖቬምበር 2010 የአሜሪካ ምርጫ ቀን፣ ፌስቡክ 60 ሚሊዮን ለሚያህሉ ተጠቃሚዎች «መርጫለሁ» የሚል ቁልፍና የመረጡ ጓደኞቻቸውን ፎቶ አሳየ። ተመራማሪዎቹ በ2012 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ግምት፣ መልእክቱ 340,000 ያህል ተጨማሪ ሰው ወደ ምርጫ ጣቢያ አውጥቷል። ስለ እጩ አንዲት ቃል አልነበረበትም። ለሁሉም ወገን እኩል ነበር የታየው። ግን ያው ቁልፍ ለአንዱ ወገን ደጋፊዎች ብቻ ቢታይ ማን ያውቃል? እኔና እናንተ አናውቅም። በአደባባይ ከተነገረ ድጋፍ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እንግዲህ ነገሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ ይታየኛል። ስንጀምር «አይናገሩ» ነበር የምንለው። አሁን «ቢናገሩም ጡሩምባውን አይንኩ» ወደሚለው መጥተናል። የምትቃወሙ ካላችሁ አሁን ተናገሩ።

የሕግ ባለሙያ አባል

አልቃወምም። አንድ ነገር ይለይልን እንጂ፤ ኩባንያውና ባለቤቱ። ኢላን መስክ በጁላይ 13 ቀን 2024 ለትራምፕ ድጋፉን የገለጸው በግሉ ነው። ያወጣውም ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ የራሱ ገንዘብ ነው። የተናገረው ግን በ44 ቢሊዮን ዶላር በገዛው ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ ነው። ሰውየውና መድረኩ የሚለያዩበት መስመር የት ነው? ይኼን ካልመለስን ሐሳባችን ቀዳዳ አለው።

ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ አባል

ስም ስንጠራ በአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግና ሚስቱ በ2020 ለምርጫ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለግሰው ከሪፐብሊካኖቹ ወገን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። ለ2025ቱ የትራምፕ በዓለ ሲመት ደግሞ ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት)፣ አማዞን፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ድጋፍ ሰጥተናል ያለ ግን የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። አፉ ገለልተኛ፣ እጁ ግን ወዳሸነፈው። ስለዚህ የገንዘብ አንቀጽ ይግባ። ለበዓለ ሲመት ይሁን ለንግድ ምክር ቤት ይሁን፣ ኩባንያው የሰጠውን ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ በድረ ገጹ ይግለጽ።

የሒሳብ ባለሙያ አባል

ዘግይቼ ስለገባሁ ይቅርታ። ደብዳቤ ብቻ ከሆነ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚገባው። ሌላ መንገድ አለ፤ የባለአክሲዮን ጥያቄ።

ብዙዎቻችን የቴክ አክሲዮን አለን። በሕጉ መሠረት 2,000 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን 3 ዓመት፣ ወይም 15,000 ዶላር 2 ዓመት፣ ወይም 25,000 ዶላር 1 ዓመት የያዘ ሰው ለዓመታዊው ስብሰባ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ከ500 ቃል መብለጥ የለበትም። አንድ ልብ በሉ፤ የአምስት ሰው አክሲዮን ደምረን መጠኑን ማሟላት አይቻልም። አንድ ሰው ብቻውን መያዝ አለበት። እዚህ ግን ዕቁብ አይሠራም።

የት እናቅርበው? ሜታ ላይ ድካም ነው። ዙከርበርግ ብዙ ድምፅ በሚሰጥ ልዩ አክሲዮን ብቻውን 60 ከመቶ ገደማ ድምፅ አለው። የጉግል እናት ኩባንያም ላይ መሥራቾቹ ከግማሽ በላይ ይዘዋል። አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና አፕል ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩ አክሲዮን የለም። አማዞን ደግሞ ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አርሊንግተን (ቨርጂኒያ) ነው፤ የኛም ልጆች እዚያ ይሠራሉ። ባናሸንፍም ጥሩ ድምፅ ካገኘ የቦርዱን ጆሮ ያገኛል።

ሹፌር አባል

እህቴ ተባረኪ። እኔ አክሲዮን የለኝም፤ ያላችሁ ቅደሙ። የኛን ነገር ግን አትርሱት። አክሲዮን የሌለው ሹፌርና ዕቃ አድራሽ በረቂቁ ውስጥ በስሙ ይጠራ። «ሠራተኞች» ብቻ ከተባለ «እናንተ ሠራተኞች አይደላችሁም» ብለው ያስወጡናል። የካሊፎርኒያው ክርክር ራሱ እሱ ነበር።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ትክክል ነህ፤ አስገብቼዋለሁ። እስካሁን ያለው ሁለተኛው ረቂቅ ይኸውና፦

«ኩባንያው በስሙና በዓርማው የምርጫ እጩን እንዳይደግፍ እንጠይቃለን። ከደገፈም በግልጽ፣ ስሙን አስፍሮ፣ በቦርዱ ውሳኔ ይሁን። በምንም ሁኔታ ግን ተጠቃሚው፣ ሹፌሩ፣ ዕቃ አድራሹ ወይም ሠራተኛው ለሌላ ጉዳይ የሚከፍተውን አፕ፣ ፊድ፣ የፍለጋ ውጤት ወይም ማሳወቂያ ለእጩ ድጋፍ አይጠቀምበት። በምርጫ ሰሞን ያሳየውን ማንኛውንም የምርጫ መልእክት ለማን እንዳሳየና ለማን እንዳላሳየ ለገለልተኛ መርማሪ ክፍት ያድርግ። ለፖለቲካ ነክ ነገር የሰጠውን ገንዘብ በ30 ቀን ውስጥ ይግለጽ። ማንም አለቃ በሥራ ሰዓት የበታቾቹን ድምፅ አይጠይቅ።»

ያልተቋጨው የባለቤቶቹ የግል ድጋፍ ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያ አባል

ለዚያ እንዲህ ብንልስ? «የኩባንያው ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ በግሉ እጩ ከደገፈ፣ የሱ ጽሑፍ ከማንኛውም ተጠቃሚ ጽሑፍ በተለየ ከፍ ተደርጎ እንደማይታይ ኩባንያው ማረጋገጫ ይስጥ።» አፉን አንይዝም። ድምፅ ማጉያውን ብቻ እንፈትሽ።

የሕግ ባለሙያ አባል

በፈቃደኝነት የሚገባ ቃል እስከሆነ ድረስ የሕግ ችግር አይታየኝም። እኔ እስማማለሁ።

ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ አባል

እኔ ገና አልወሰንኩም። «ከፍ ተደርጎ» የሚለውን ማን ይለካዋል? እስከ ሐሙስ አስቤበት እመለሳለሁ። እስከዚያ አንቀጹ በቅንፍ ይቀመጥልኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

በቅንፍ ይቀመጣል። የሒሳብ ባለሙያችን የአማዞን አክሲዮን 3 ዓመት የያዘ ፈቃደኛ አባል እንድትፈልግ፣ የሕግ ባለሙያችን ጽሑፉን ከ500 ቃል በታች እንዲያወርድ፣ ሹፌራችን ደግሞ የአማርኛውን ቅጂ ለሌሎች ሹፌሮች አንብቦ አስተያየት እንዲያመጣ ተመድቧል። ሐሙስ ማታ 8:30 ላይ በዙም እንገናኝ።