ሜታል ሃላይድ ለኮራል ገንዳ፦ ከአምፖሉ በፊት መስታወቱን ምረጡ

በኮራል አኳሪየማችሁ ላይ ሜታል ሃላይድ የሚባለውን ኃይለኛ መብራት ለመስቀል ላሰባችሁ ሁሉ። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው አምፖል ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ ግን ከመከላከያ መስታወቱ ጀምሩ እላለሁ።

አምፖሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እንደ ተራ አምፖል እየተጠመዘዘ የሚገባው፣ ባለ አንድ ጫፍ ነው። ሌላው በሁለቱም ጫፍ የሚያዘው፣ ኤችኪውአይ የሚባለው ነው። በባለ አንድ ጫፉ ብርሃኑ የሚፈጠርባት ትንሽ የኳርትዝ ቱቦ በሌላ ትልቅ መስታወት ተሸፍናለች። አብዛኛውን አልትራቫዮሌት የሚያስቀረው ይሄ የውጭ መስታወት ነው። ባለ ሁለት ጫፉ እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። ስለዚህ ሙቀት የሚችልና አልትራቫዮሌት የሚያግድ መስታወት ከፊቱ ካልተገጠመ በፍጹም አታብሩት። ኮራሉን ያቃጥላል፣ የእናንተንም ዓይንና ቆዳ ይጎዳል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ቀን መስታወቱ ላይ የደረቀውን ጨው ላጥብ አወጣሁት፤ ሳልመልሰው መብራቱን አበራሁ። በማግስቱ ከአምፖሉ ሥር ያለው አክሮፖራ የሚባለው ኮራል ከላይ በኩል ነጥቶ አገኘሁት። ጥላ ያረፈበት የታችኛው ጎኑ ግን ቡናማነቱ እንዳለ ነበር። ልክ በመስመር የተከፈለ ይመስላል። እስኪያገግም ወራት ፈጀ።

ስለዚህ ለጀማሪ የምጠቁመው ባለ አንድ ጫፉን ነው። የውጭ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ግን ቢበራም እንኳ ወዲያው አጥፍታችሁ ቀይሩት። ለእሱም ቢሆን ከሥሩ መስታወት ብታደርጉለት ጥሩ ነው። የጋለ አምፖል ላይ ጠብታ ውሃ ካረፈ ሊፈነዳ ይችላል። ዓሣ ደግሞ ውሃ መርጨቱ አይቀርም።

ዋቱ የሚወሰነው በውሃው ጥልቀት ነው። እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ገንዳ 150 ወይም 175 ዋት ይበቃል። ለ60 ሴንቲ ሜትር 250 ዋት፣ ከዚያ ለሚጠልቅ 400 ዋት። 250 ዋቱን ከውሃው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ 400 ዋቱን ደግሞ ከዚያም በላይ።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከአምፖል ብራንዶቹ የኢዋሳኪ 6,500 ኬልቪን ኮራል በማሳደግ ተወዳዳሪ የለውም፤ ግን ወደ ቢጫ ያደላል። የኡሺዮ 10,000 ጥርት ያለ ነጭ ነው። ፊኒክስ 14,000 መሃል ላይ ነው፤ ኤችኪውአይ ለሚጠቀም ሰው መጀመሪያ የምጠራለት እሱን ነው። የራዲየም 20,000 ሰማያዊ ነው። የኮራሉን ቀለም እንደሱ የሚያወጣልኝ አላየሁም። የራዲየም 250 ዋቱ ግን በደንብ የሚበራው ኤም 80 በሚባለው ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ዕቃ) ነው። ባጠቃላይ ሰማያዊነት ሲጨምር ለኮራሉ የሚደርሰው ጉልበት ይቀንሳል።

ባላስቱ ከአምፖሉ ዋትና ዓይነት ጋር የግድ መግጠም አለበት። ማግኔቲኩ ከባድ ነው፣ ይግላል፣ ድምፅም አለው፤ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። ኤሌክትሮኒኩ ቀላልና ዝም ያለ ነው፤ ከሁሉም አምፖል ጋር ግን አይስማማም። የቱንም ብትመርጡ ገንዳው ሥር ካለው ቁምሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት፤ ጨዋማው እርጥበት ይበላዋል። አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ይሁን።

መብራቱን ስታበሩ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ወደ አምፖሉ ይሄዳል። እርጥብ እጅ አይጠጋው። መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በራሱ የሚቆርጥ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ይግባ። ገመዱ መጀመሪያ ወደ ታች ረግቦ ከዚያ ወደ ሶኬቱ ይውጣ። እንዲህ ከሆነ በገመዱ ላይ የወረደ ውሃ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ሙቀቱ ቀላል አይደለም። ውሃው ከ28 ዲግሪ እንዳያልፍ ፋን ወደ ውሃው ፊት አዙሩ። ፋኑ የሚያቀዘቅዘው ውሃውን እያተነነ ስለሆነ፣ የጎደለውን በንጹሕ ውሃ ሙሉ፤ በጨው ውሃ አይደለም። በዚህም ካልቻላችሁት ኤልኢዲ ውሰዱ፤ እኔም የምመክራችሁ እሱን ነው። ቲፋይቭ የሚባለው ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ብርሃኑን እኩል ይበትናል፤ ግን እንደ ሜታል ሃላይድ አሸዋው ላይ የሚሞገደውን ብርሃን አይሰጥም።

አምፖሉ ጠፍቶ ወዲያው እምቢ ቢላችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትንኩት። እስኪቀዘቅዝ እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁት። ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ቀይሩት። ስትቀይሩ በባዶ እጅ አትያዙት፤ ከነካችሁት በአልኮል ጥረጉት። አዲሱ ከአሮጌው ይበረታል። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ለ4 ሰዓት ብቻ አብሩት፣ ወይም ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉትና ቀስ እያላችሁ አውርዱት። አሮጌው ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት። አዲሱ በመጣበት ካርቶን አድርጋችሁ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ለሚረከቡ ስጡ።