የዕቅድ ውይይት፦ በወር አንድ ፊልም፣ ለሥራ አመራር ቦርዱ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ

የተከበራችሁ የዋሽንግተን ማኅበራችን አባላት፣ ለሥራ አመራር ቦርዱ የሚቀርበውን የፊልም ፕሮግራም ሐሳብ እዚሁ አብረን እንጻፈው። መነሻ ረቂቁ «ስድስት ፊልም በሁለት ቀን» ይላል፤ ቅዳሜ ሦስት፣ እሑድ ሦስት። ዝርዝሩን ከማጽደቃችን በፊት ስለ እያንዳንዱ ፊልም አንድ ጥያቄ ይመለስ፤ ተመልካቹ ከወር በኋላ ምኑን ያስታውሳል? «ጥሩ ፊልም ነው»፣ «ተሸልሟል» የሚል መልስ አይበቃም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) በ2008 ከቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ከዋጋዱጉ የፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ ፈረስን አግኝቷል። ይህ ሰው አዳራሽ ያስገባል እንጂ ፊልሙ ለምን ከልብ እንደማይወጣ አይናገርም። ቦርዱ ገንዘብ የሚፈቅደው ለምን ከልብ እንደማይወጣ ሲገባው ነው።

የፕሮግራም ክፍል

ጋሼ፣ «በሁለት ቀን» የሚለው በመጀመሪያ ይውጣ። «ጤዛ» ብቻውን 140 ደቂቃ ነው፤ «ሳንኮፋ» 124፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሦስቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው ማታ ላይ የቱ ትዕይንት ከየቱ እንደሆነ ይደባለቅበታል። አራት ፊልም፣ በወር አንድ። ምክንያታቸውም እንዲህ ቢጻፍ፦

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ ኃይሌ ገሪማ፣ 1976። የተቀረጸው አብዮቱ በፈነዳበት በ1974፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ትወና ሙያቸው ባልሆነ የአገሬው ሰዎች ነው። ከሰው ጋር የሚቀረው የጊዜው አያያዝ ነው። ካሜራው ገበሬውን ከሩቅ ይዞ አይለቅም፤ በሬ ሲጠመድ፣ ከብት ሲነዳ፣ ሥራው የሚወስደውን ያህል ጊዜ ይሰጠዋል። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ይጮኻል፤ ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ ርቀቱም ሥልጣኑም አብረው ይሰማሉ። ልጅቷ ወላጆቿን እንደ በሬ ተጠምደው በሕልሟ የምታይበት ትዕይንት የሚያስደነግጠው፣ ከዚያ በፊት እውነተኛውን ድካም ረጅም ሰዓት ስላየን ነው። ያ ትዕይንት ብቻውን ተቆርጦ በስልክ ሲታይ ግን ጉልበት የለውም። ይህ ፊልም ወይ ሙሉውን ይታያል፣ ወይ ይቀራል።

«ጤዛ»፣ የዚያው አዘጋጅ፣ 2008። አንበርብር ሕክምና ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተሰባብሮ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ፊልሙ በ1970ዎቹ ጀርመን፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ እና በ1990 አካባቢ በመንደሩ መካከል ይመላለሳል። እግሩን እንዴት እንዳጣ እሱ ሲያስታውስ እኛም አብረን እናውቃለን። በልብ የሚቀረው በዚህ ነው፤ ተመልካቹ ታሪኩን አይነገረውም፣ ከባለታሪኩ እኩል ቁራጮቹን ይለቅማል። ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ የሚደበቁት ታዳጊዎች ደግሞ ያ ትዝታ ያለፈ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያሉ። ችግሩ፣ ዘመኑን ያልኖረ ተመልካች በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መንገድ ይስታል። በር ላይ የግማሽ ገጽ የዘመን ቅደም ተከተል እንስጥ፤ መጨረሻውን ሳይገልጥ፣ ሦስቱን ቦታና ጊዜ ብቻ።

«ላምብ»፣ ያሬድ ዘለቀ፣ 2015፣ 94 ደቂቃ። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ኤፍሬም እናቱን ያጣ ልጅ ነው፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከነበጉ ዘመድ ቤት ይተወዋል፤ አጎቱ በጉ ለበዓል እንዲታረድ ይወስናል። ልጁ ሐዘኑን ቁጭ ብሎ አያወራም። ጓዳ ገብቶ ያበስላል፣ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይወጣል። ሐዘን በእጅ ሥራ ሲታይ ከለቅሶ ይልቅ ጠልቆ ይገባል፤ የተመልካቹ ዓይን ልጁ እጅ ላይ ይቀራል።

«ሳንኮፋ»፣ 1993፣ እንደገና ኃይሌ ገሪማ። በጋና የባሕር ዳርቻ ባለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ልትነሳ የመጣች ሞዴል ወደ ባርነት ዘመን ትመለሳለች። ለእኛ ማኅበር ሌላም ምክንያት አለው። የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን አልቀበል ሲሉ ኃይሌ እዚሁ ዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይቶ አሳየው፤ ወሬውን ያዳረሰው ሕዝቡ ነው። በ2021 በ4ኬ (በከፍተኛ የምስል ጥራት) ታድሷል፤ ስለዚህ ጥሩ ቅጂ መጠየቅ እንችላለን።

የድምፅና ምስል ክፍል

በዝርዝሩ እስማማለሁ። ነገር ግን እነዚህን ምክንያቶች አዳራሹ ራሱ ሊያበላሻቸው ይችላል፤ ሐሳቡ ውስጥ የሚከተሉት በቁጥር ይግቡ።

ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፤ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት 1.25 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሸራው የታች ጠርዝ ከወለል 1.4 ሜትር ካልሆነ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ ያለው ሰው የግርጌ ጽሑፉን አያነብም። አራት ሜትር ስፋት ያለው ምስል ቁመቱ 2.25 ነው፤ ከ1.4 ጋር 3.65 ይሆናል። የአዳራሹ ጣሪያ 3.4 ሜትር ስለሆነ አይገባም። ስለዚህ ምስሉ 3.2 በ1.8 ይሁን። ፕሮጀክተሩ ለአንድ ሜትር ስፋት አንድ ሜትር ተኩል የሚርቅ ዓይነት ከሆነ ከሸራው 4.8 ሜትር ላይ ይቆማል፤ እዚያ መካከል ወንበር አይደረግ።

ብርሃን፦ የሲኒማ ቤት ሸራ የድምቀት ልክ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው። ለዚህ ሸራ ሲሰላ ከፕሮጀክተሩ ወደ 870 ሉመን (የሚወጣው ብርሃን መለኪያ) ይበቃል፤ ባለ 3000 ሉመኑ ፕሮጀክተር በሲኒማ አቀማመጥ ግማሹን ቢያጣ እንኳ ይተርፋል። ጉድለታችን መስኮቱ ነው። ከመስኮት የሚገባ ብርሃን ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ጥቁርና ነጩ ፊልም ነው። ስድስቱም መስኮቶች ብርሃን በማያሳልፍ ጨርቅ ይሸፈኑ፣ ጨርቁ ከክፈፉ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ይለፍ።

«ምርት» የተቀረጸበት ምስል ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ነው። ፕሮጀክተሩ «ሙሉ ስክሪን» ላይ ከተተወ ገበሬዎቹ በወርድ ተለጥጠው ይታያሉ። ትክክለኛው 2.4 በ1.8 ሜትር ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፣ ይሁን። እንቅስቃሴ የሚያለሳልሰውና የምስል ነጠብጣብ የሚያጠፋው ማስተካከያም ይጥፋ። የ16 ሚሊ ሜትር ነጠብጣብ የፊልሙ አካል ነው፤ ከተወለወለ አፈሩም ፊቱም ላስቲክ ይመስላል።

ድምፅ፦ በአምስት ነጥብ አንድ (ለብዙ ስፒከር በተከፋፈለ ድምፅ) የተቀዳ ፊልም ንግግሩ በአብዛኛው በመሃከለኛው መስመር ላይ ነው። ማጫወቻው ግራና ቀኙን ብቻ አውጥቶ መሃሉን ከጣለው ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሰው አይሰማም። ብዙዎች ያኔ ድምፁን ይጨምራሉ፤ ሙዚቃው የባሰ ይጮኻል እንጂ ንግግሩ አይመለስም። ከማጫወቻው ላይ ሁሉንም ወደ ግራና ቀኝ የሚያጠቃልለው «ስቴሪዮ» ይመረጥ። ብሉቱዝ ስፒከር ፈጽሞ አይሁን፤ ድምፁ ከከንፈር ኋላ ይቀራል።

የወጣቶች ክፍል

እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ይፈልጋሉ፤ እሱ ከቅጂው ጋር ይመጣል። የተረሱት ትልልቆቹ ናቸው። «ጤዛ» ውስጥ የጀርመንኛ ንግግር አለ፤ እንግሊዝኛውን ፈጥነው የማያነቡ እናቶችና አባቶች እዚያ ላይ ይቆረጣሉ። ባለመብቱ ከፈቀደ ለጀርመንኛው ክፍል ብቻ የአማርኛ ጽሑፍ እናዘጋጅ፤ እንግሊዝኛው ታች ስላለ አማርኛው ላይ ይሁን። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ ለአንድ መስመር ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ይሰጠው።

«ድፍረት»ስ? የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም በ2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ነው፤ ለወጣት ሴቶቻችን ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል።

የድምፅና ምስል ክፍል

እህቴ፣ ስለ ጽሑፉ አንድ ጥንቃቄ። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ካልተቀመጠ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፤ ላፕቶፑ የግዕዝ ፊደል ከሌለው ደግሞ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባል የግዕዝ ፎንት ይጫንበት። ከዚያ የባሰው የፍጥነት ልዩነት ነው። ጽሑፉ በሰከንድ 24 ምስል ለሚሄድ ቅጂ ተሠርቶ የመጣልን ቅጂ 25 ከሆነ፣ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ጽሑፉ 24 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የ140 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ ከ5 ደቂቃ ተኩል ያልፋል። የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን አያየውም። ሙከራው መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ላይ ይደረግ፣ በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ፕሮጀክተር።

የፕሮግራም ክፍል

«ድፍረት» መታየት አለበት፤ ከአራቱ ጋር ግን አይደባለቅ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስለተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ጥቃቱ በግልጽ አለ። የዕድሜ ገደብ፣ በር ላይ ማስጠንቀቂያ፣ ከአዳራሹ መውጣት ለሚፈልግ የሚሸኝ ሰው እና ሕጉን የሚያስረዳ ጠበቃ ይፈልጋል። በመጋቢት፣ ከዓለም የሴቶች ቀን ጋር፣ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይሁን ብዬ አቀርባለሁ።

ገንዘብ ያዥ

በቤት የምንከፍለው የፊልም ምዝገባም ሆነ የተገዛ ዲስክ በአዳራሽ ለማሳየት መብት አይሰጥም፤ መግቢያው ነፃ ቢሆንም። ለእያንዳንዱ ባለመብት ከስምንት ሳምንት በፊት ይጻፍ። ደብዳቤው ቀኑን፣ የወንበር ብዛት (120)፣ መግቢያ ነፃ ወይም በክፍያ መሆኑን፣ የምንፈልገውን የቅጂ ዓይነት እና የአማርኛ ጽሑፍ የመጨመር ጥያቄን ይያዝ። የመጨረሻው ካልተጠየቀ በኋላ መጨመር አይቻልም። መልስ እስኪመጣ ለአንድ ፊልም 400 ዶላር እንያዝ፤ ያልተረጋገጠ ፊልም በማስታወቂያ ላይ አይውጣ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። «ምርት»ን ወደ 90 ደቂቃ አሳጥሮ ማሳየት አይቻልም? ሰው ይሰለቻል የሚል ስጋት አለ።

የፕሮግራም ክፍል

አይቻልም፤ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መቁረጥ ሕገ ወጥ ነው። ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ የምንቆርጠው ፊልሙ በልብ የሚቀርበትን ምክንያት ራሱን ነው። ስጋቱን በቅደም ተከተል እንፍታው። በ«ላምብ» እንጀምር፤ አጭር ነው፣ ቤተሰብ ሁሉ ይከተለዋል። ቀጥሎ «ሳንኮፋ»፣ ከዚያ «ምርት»፣ መጨረሻ «ጤዛ»። በ«ምርት» ረጋ ያለ ዕይታ የለመደ ዓይን «ጤዛ» ላይ አይቸኩልም። ከፊልሙ በፊት መድረክ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ «ፊልሙ ዝግ ይላል፤ ሆን ተብሎ ነው። ድምፁን አዳምጡ።» ከዚያ በላይ ማብራሪያ ያደክማል።

ውይይቱን በሚመለከት፣ መብራት እንደበራ ማይክ አይሰጥ። 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ 40 ደቂቃ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ወደዳችሁት?» ከሆነ መልሱ «አዎ» ይሆንና ወሬው ወደ ፖለቲካ ይሄዳል። «አሁን ዓይናችሁን ብትጨፍኑ የሚመጣባችሁ የቱ ምስል ነው?» ተብሎ ይጀመር፤ መጀመሪያ ታዳጊዎቹ ይናገሩ። ትልልቆቹ ከቀደሙ ልጆቹ ዝም ይላሉ።

የመስተንግዶ ክፍል

ቡና አዳራሹ ውስጥ አይቆላም፣ ዕጣንም አይጨስም፤ የጭስ ጠቋሚው ይጮኻል፣ ሕንፃውም ባዶ ይደረጋል። ቆልተን እንመጣለን። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ቆሎ፣ ፈንዲሻና የጾም ዳቦ ብቻ። የሚንኮሻኮሽ ላስቲክ ይቅር፣ በወረቀት ይታደል። ፊልሙ ሲጀምር ጠረጴዛው ይዘጋል።

ሰብሳቢ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ለቦርዱ የሚሄደው አንቀጽ ይኸው፦ «ማኅበሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ አራት ፊልሞችን ሳይቆረጡ፣ በባለመብቶቻቸው ፈቃድ፣ በትክክለኛ የምስል ቅርጽና ፍጥነት ያሳያል። በር 9 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ፊልሙ ልክ 10 ሰዓት ይጀምራል። ከእያንዳንዱ በኋላ የ40 ደቂቃ ውይይት ይኖራል። አዳራሹ ለዝግጅትና ለማንሳት ጭምር ለስድስት ሰዓት ይከራያል። ለፈቃድ 1,600 ዶላር ይያዛል። ‹ድፍረት› በመጋቢት ለብቻው ይቀርባል።» የፕሮግራም ክፍል የጻፋቸው አራት ምክንያቶች እንዳሉ ይከተላሉ። እስከ ዓርብ ማታ ማሻሻያ ያለው ይጻፍ።

የድምፅና ምስል ክፍል

ጋሼ፣ አንድ ሐረግ ይጨመር፦ «ሙሉ ሙከራ ከዝግጅቱ ሁለት ቀን በፊት በአዳራሹ ውስጥ ይደረጋል።» ለዚህ ሐሙስ ማታ የሁለት ሰዓት ኪራይ ያስፈልጋል። ፊልሙም ከኢንተርኔት ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ ከተጫነ ፋይል ይሂድ፤ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑር።

ገንዘብ ያዥ

የሐሙሱ ኪራይ ለአራቱም ተጨምሯል። ደብዳቤዎቹን ሰኞ እልካለሁ፤ የ«ጤዛ» መጀመሪያ ይሄዳል፣ የአማርኛው ጽሑፍ ጊዜ ስለሚፈልግ።