ሁለት ቫይረስ ባንዴ ይይዛል እንዴ?

የሕርማታዋ፦ ሰላም የጅማ እናቶች። ልጄ ዓመት ከስድስት ወሯ ነው። በንፍጥና በሳል ጀመራት፣ ትኩሳቱ በረድ ሲልላት እፎይ ልል ስል ደግሞ ተቅማጥ መጣ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ «የሳሉ ቫይረስ ሌላ፣ የተቅማጡ ሌላ ሊሆን ይችላል» ብላ ኦአርኤስና ዚንክ ሰጥታ ሸኘችኝ። አንቲባዮቲክ የለም! ጎረቤቶቼ ደግሞ እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪያት እያሉ መቀመጫ አሳጡኝ።

ቡና ጠጪ፦ እንጥል? በፍጹም እንዳታደርጊው! ትርፉ መድማትና ቁስል ነው። የኔም ልጅ ኬጂ የገባ ዓመት አንዱ ሳይለቀው ሌላው እየያዘው ነው ክረምቱ ያለፈው።

ነርሷ፦ እህቴ፣ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፣ ይሄ የየቀኑ ነገር ነው። አርኤስቪ፣ ራይኖ፣ አዴኖ የሚባሉት ቫይረሶች አብረው ይዞራሉ፣ የልጅ ሰውነት ደግሞ ገና አያውቃቸውም። ፒሲአር (ቫይረሱን በዘሩ የሚለየው የላብራቶሪ ምርመራ) ቢሠራላት ሁለት ሦስት ስም ሊወጣ ይችላል፤ ግን ራይኖ ልጁ ከዳነም በኋላ ለሳምንታት አፍንጫ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ስሙ ወጣ ማለት ያሳመማት እሱ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ስንት ናቸው የሚለውን ተይውና አተነፋፈሷን እዪ። ሳታለቅስ፣ ልብሷን ገለጥ አድርገሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። በሷ ዕድሜ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ (ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላሉት 50 ነው)፣ አየር ስትስብ ከጎድኗ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡትም ውኃም እምቢ ካለች፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ካንቀጠቀጣት ወይም ከፈዘዘች፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ሂጂ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን ምንም አያደርገውም። ባክቴሪያ ከተደረበ ግን ሌላ ነው፤ ትኩሳቱ ጠፍቶ ከተመለሰ መልሰሽ አሳያት።

አባ ቢያ፦ የሮታ ክትባት አልወሰደችም እንዴ? ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እኮ በነፃ ይሰጣል።

የሕርማታዋ፦ ወስዳለች ወንድሜ።

ነርሷ፦ ሮታን ነው የሚከላከለው፣ ተቅማጥ የሚያመጣ ሌላም ሞልቷል። ቢሆንም የተከተበ ልጅ እንደዛ አይጎዳም። ኦአርኤሱን በትንሽ በትንሹ በማንኪያ ስጫት፣ ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘላትን ቀን አስጨርሻት።

የሕርማታዋ፦ እሺ እናቴ፣ ተባረኪልኝ። ስትተኛ ቆጠርኩ፣ 32 ነው። ጡትም አልተወችም። ወንድሟን ግን ልለየው? አብረው ነው የሚተኙት።

ቡና ጠጪ፦ ኬጂ ከሆነ ያመጣላት እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ አሁን ብትለዪው ምን ዋጋ አለው 😂 እጁን በሳሙና አስታጥቢው እንጂ።