«አሳትፈናል» ሲሉን

የአብነቱ፦
ሰው ሊያናድደኝ ከፈለገ «አሳትፈናል» ይበለኝ። ቅዳሜ ወረዳችን ስብሰባ ጠርቶ ነበር። የወጣት ማዕከሉ ለጎዳና ልጆችና ለሊስትሮዎች ምን አገልግሎት ይስጥ ነው ርዕሱ። ሄድኩ። ፊት ለፊት የፓርቲው ወጣት ሊግ ልጆች፣ ቀጥሎ የእድር ዳኞች፣ ከኋላ እኛ። ሊስትሮ አንድ የለም። ጎዳና የሚያድር አንድ የለም። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ተነስቶ «ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ወጣቶች አሳትፈናል» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም። ውሃ ታድሎ ነበር።

የወረዳ ሠራተኛ፦
እኔ ሌላ ወረዳ ማኅበራዊ ጉዳይ ነው የምሠራው። ጥሪ እናደርጋለን፣ አይመጡም። ማስታወቂያ ለጥፈናል፣ በድምፅ ማጉያ ዞረናል። ጎትተን እናምጣቸው? ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ልጆቹ ለእንዲህ ዓይነት ውይይት ገና ዝግጁ አይደሉም። ማስቲሽ አፍንጫው ላይ ይዞ የሚዞር ልጅ ስለ አገልግሎት ዕቅድ ምን ሊል ነው?

ሳጥኔ፦
«ዝግጁ አይደሉም»። ይቺንስ ፍሬም አስገብቼ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅላት።
አውቶቡስ ተራ ስድስት ዓመት ጫማ ጠርጌያለሁ። ዛሬ ሱቅ አለኝ፣ ተመስገን። እስቲ ልጠይቅህ፣ ስብሰባ የምትጠሩት ስንት ሰዓት ነው? ጠዋት 3 ሰዓት። የሊስትሮ የቀን ገንዘብ ያለው ጠዋት ላይ ነው፣ ሰው ቢሮ ሲገባ። እሺ፣ ገንዘቡን ትቶ መጣ እንበል። ጥበቃው «መታወቂያ» ይለዋል። የቀበሌ መታወቂያ የቤት ቁጥር ይፈልጋል። ቤት ቢኖረው እዚያ ምን ያደርጋል? ጥበቃው ደግ ሆኖ አሳለፈው ደግሞ እንበል። ሳጥኑስ? «ይዘህ አትገባም፣ በር ላይ አስቀምጥ።» ሳጥኑ ውስጥ ብሩሹ፣ ቀለሙ፣ ጨርቁ አለ። ከሥር ደግሞ በፌስታል ተጠቅልላ የተደበቀች ብር አለች። እኔ አንዴ በር ላይ ትቼው ገባሁ። ቤተ መጻሕፍት አምሮኝ ነበር። ስወጣ ሳጥኑ የለም። ከዚያ ወዲያ የማዕከል ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እና ማን ነው ዝግጁ ያልሆነው?

ቸኮለ፦
የፋይዳ መታወቂያ አለ አይደል እንዴ አሁን? ሰነድ የሌለው በምስክር ይመዘገባል።

ሳጥኔ፦
ጥበቃው የሚጠይቀው የወረዳውን ነዋሪነት ነው ወንድሜ። ፋይዳህን እያሻሸህ በር ላይ ትቆማለህ።

እማማ ታዛቢ፦
ልጄ፣ ስለ ሳጥንህ አዝኛለሁ፣ ከልቤ። ግን እኛም ሰዎች ነን። አጥራችን ሥር ይጸዳዳሉ። ማታ የልጆቻችንን ስልክ ይቀማሉ። ግማሾቹ የዚህ ከተማ ልጆች እንኳ አይደሉም። እድሩ ሳይጠየቅ እነሱ ይጠየቁ ነው የምትሉት?

የአብነቱ፦
እማማ፣ እድሩማ ፊት ወንበር ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ነው የተናገረው። አጥር ሥር የሚጸዳዱትም ሽንት ቤት ስለሌለ ነው። ደግሞ «የዚህ ከተማ ልጅ» ማን ነው? እርስዎ የየት ነዎት?

እማማ ታዛቢ፦
እኔ የሽሮ ሜዳ ነኝ!

የአብነቱ፦
ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረጉት ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች አይደሉም እንዴ?

እማማ ታዛቢ፦
እነሱ ሠርተው ነው የበሉት። አንተ የማን ልጅ ነህ ግን? አነጋገርህን አውቀዋለሁ።

ሰዋስው፦
ስለ ሽሮ ሜዳ ሌላ ቀን። ወደ ቃሉ እንመለስ። «ተሳተፉ» ሲባል ልጆቹ ያደረጉት ነው። «አሳትፈናል» ሲባል ወረዳው ያደረገው ነው። ሪፖርት ላይ ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው የሚጻፈው። አወያይተናል፣ ግንዛቤ አስጨብጠናል፣ አሳትፈናል። ልጆቹ የራሳቸው የሆነ አንድ ግስ እንኳ የላቸውም።

የወረዳ ሠራተኛ፦
ሰዋስው ለትምህርት ቤት ነው። ሕጉን እናውራ። የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ጎዳና ላይ ያለው ስንቱ ገና 12 ዓመቱ ነው። እሱ የሕፃናት ጉዳይ ነው፣ የወጣት ማዕከልን አይመለከትም።

ሰዋስው፦
ሕፃንም ከሆነ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አለ። አንቀጽ 12ን ያንብቡት። ሕፃኑ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ ይሰማ ይላል። «ዝግጁ ሲሆን» አይልም።

ኩርፊያ፦
እኔ ሁለታችሁም ጋ የለሁም። በ2009 ያ የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ፈንድ የመጣ ጊዜ ተደራጁ ተባልን። ተደራጀን። ከመሃላችን አንዱን ተወካይ አደረግነው። ሁለት ወር አልሞላውም ኮት ለብሶ፣ አጀንዳ ብብቱ ሥር ወትፎ፣ ሰላም ማለት ተወን። እና እናንተ «ሊስትሮ ይወከል» ስትሉ ለእኔ የሚታየኝ አዲስ ካድሬ ነው።

ሳጥኔ፦
እሱስ እውነት አለህ። እንግዲያ ተወካይ ይቅር። ሰብሳቢው ራሱ ይምጣ። ማታ 2 ሰዓት፣ ሻይና ዳቦ ይዞ፣ መሬት ላይ ቁጭ ይበል። ይነግሩታል።

የወረዳ ሠራተኛ፦
የማታ አበሉን ማን ይከፍላል?

የአብነቱ፦
አበል! ቆይቶ ነው የመጣው ዛሬ። ከመጀመሪያው ነበር የጠበቅኩት።

የወረዳ ሠራተኛ፦
ተሳደቡ፣ አይከፈልበትም። ስንቱን ልጅ በራሴ የታክሲ ብር ጤና ጣቢያ እንዳደረስኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ደግሞ አልጠየቃችሁም አትበሉን፣ አንዴ ወጥተን ጠይቀናቸዋል። ሙቅ ሻወርና ዕቃቸውን የሚቆልፉበት ሳጥን ነው ያሉት፣ ሁሉም፣ ያለ ልዩነት። በጀቱ ግን ለከረንቡላና ለዲኤስቲቪ ተይዞ አልቋል። ከአንድ ኮድ ወደ ሌላ ኮድ ማዞር ቀላል መሰላችሁ?

ሰዋስው፦
ቆይ ቆይ። ሁሉም? ያለ ልዩነት?

ሳጥኔ፦
ዝግጁ ነበሩ እኮ!!!

የወረዳ ሠራተኛ፦
ቃሌን አታጣምሙብኝ። ዝግጁ አይደሉም ያልኩት ለዕቅድ ነው እንጂ ፍላጎት የላቸውም አላልኩም።

ኩርፊያ፦
ዕቅዱን ያወጣው ሰው ነው ከረንቡላ የገዛው። እሱ ነበር ዝግጁው።

እማማ ታዛቢ፦
ሻወሩ ግን ቢሠራ ለሰፈሩም ይሆናል? እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ሌሊት።

የአብነቱ፦
እማማ፣ አሁን ተግባባን። ሐሙስ ሌላ ስብሰባ አለ ብለዋል፣ ይምጡና ይሄንኑ ይናገሩልን።

ሳጥኔ፦
ሐሙስ ስንት ሰዓት?

የአብነቱ፦
ጠዋት 3 ሰዓት።